ትልቁ ቴሌቪዥን ለምን ደበዘዘ?

እቁቡ ደርሷል፤ በዓሉ ሳይገባ ሳሎኑ ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን እንዲሰቀል ቤተሰቡ ወስኗል። «ይሄ ነገር የሚገባህ አንተ ነህ»፣ «አንቺ ነሽ የምታውቂው» ተብላችሁ ከአባታችሁ ጋር ወደ ሱቅ የምትሄዱት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ሻጩ 55 ኢንች፣ 65 ኢንች፣ 4ኬ፣ ኪውሌድ እያለ ይደረድራል። ገንዘቡ የብዙ ወር ቁጠባ ነው፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቤት ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሱቅ ውስጥ አፍ ያስከፈተው ስክሪን ቤት ገብቶ ከዲሹ ጋር ሲገናኝ ዜና አንባቢዋ ጭጋግ ውስጥ የተቀመጠች ትመስላለች። «ያ ጀርባው ትልቅ 21 ኢንች እንኳ ከዚህ ይጠራ ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን የሚለው ሰው አልተሳሳተም፤ ቴሌቪዥኑም አልተበላሸም። ነገሩን የሚወስኑት ዓይናችሁ፣ ከሶፋው እስከ ስክሪኑ ያለው ርቀትና በገመዱ የሚገባው ምስል ናቸው።

በዓይን እንጀምር። ዓይን ሐኪም ቤት ስትሄዱ ፊደሎቹ ወደ ታች እያነሱ የሚሄዱበት ሰንጠረዥ ታያላችሁ። «ዓይንህ ደህና ነው» የሚያሰኘው መስመር የተሠራው በአንድ መለኪያ ነው፤ የፊደሉ ክፍተቶች ዓይናችሁ ላይ የሚሠሩት ማዕዘን የአንድ ዲግሪ 60ኛ ክፍል እንዲሆን ተደርጎ። ጤናማ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያይበት ወሰን እዚያ አካባቢ ነው። ነጥቦቹ ከዚያ በላይ ከተቀራረቡ ዓይን እንደ አንድ ያያቸዋል። ይህን ወደ ሚሊሜትር ለመቀየር ርቀቱን ለ3400 አካፍሉት። ሶፋችሁ ከስክሪኑ 3 ሜትር ከራቀ 3000 ሚሊሜትር ሲካፈል ለ3400፣ ወደ 0.9 ሚሊሜትር ይመጣል። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ።

አሁን ስክሪኑን እንለካው። 55 ኢንች ማለት ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ 140 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ወርዱ 122፣ ቁመቱ 68.5 ሴንቲሜትር ይሆናል። ፉል ኤችዲ የሚባለው በወርዱ ላይ 1920 ነጥቦች (ፒክስሎች) ይደረድራል፤ ስለዚህ አንዱ ነጥብ 0.63 ሚሊሜትር ነው። 4ኬ 3840 ስለሚደረድር አንዱ 0.32 ሚሊሜትር ይሆናል። ሁለቱም ከ0.9 ያንሳሉ! 3 ሜትር ላይ ለተቀመጠ ሰው ፉል ኤችዲውም 4ኬውም ነጥብ አልባ ሆነው ነው የሚታዩት። 4ኬ ከፉል ኤችዲ በ6 ሚሊዮን በሚበልጡ ፒክስሎች ይልቃል፤ እዚያ ሶፋ ላይ ሆኖ የሚቆጥራቸው ግን የለም።

እርግጥ የብዙ ወጣቶች ዓይን ከዚያ መስመርም በታች ያነባል፤ ወደ ስክሪኑ ስትጠጉም ልዩነቱ ይወጣል። ዛሬ ደግሞ 55 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆኑ ቴሌቪዥኖች በአብዛኛው 4ኬ ሆነው ስለሚመጡ ምርጫውም ጠቧል። እኔ የምለው፣ ለፒክስል ብዛት ብላችሁ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ ነው። 8ኬን ለ3 ሜትር ሳሎን መግዛት ደግሞ፣ በግልጽ ለመናገር፣ ብር መበተን ነው።

ታዲያ ዜናው ለምን ደበዘዘ? ስሌቱን አሁን ገልብጡት። ቁጥብ ጥራት ያለው የቴሌቪዥን ሥርጭት፣ ማለትም ኤስዲ፣ በእኛ አካባቢ የሚመጣው 720 በ576 ሆኖ ነው። 576ቱ መስመሮች 68.5 ሴንቲሜትር ቁመት ላይ ሲዘረጉ አንዱ መስመር 1.2 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህ ከ0.9 ይበልጣል፤ ስለዚህ ዓይናችሁ ጉድለቱን ያየዋል። በአሮጌው 21 ኢንች ላይ ግን ያው 576 መስመር 32 ሴንቲሜትር ላይ ስለተጨናነቀ አንዱ 0.56 ሚሊሜትር ብቻ ነበር። ጉድለቱ ያኔም ነበረ፤ የሸፈነው የስክሪኑ ትንሽነት ነው።

አንድ ሌላ ስሌት ልጨምር። 720 በ576 ሲባዛ 414,720 ይሆናል። የ4ኬ ስክሪን ደግሞ 8,294,400 ነጥብ አለው፤ ልክ 20 እጥፍ። ኤስዲ ጣቢያ ስትከፍቱ ቴሌቪዥኑ ከ20 ነጥብ ውስጥ የአንዱን ያህል መረጃ ይደርሰዋል፤ የቀረውን ጎረቤት ነጥቦችን እያየ በግምት ይሞላዋል። ዋጋቸው ከፍ ያሉት ቴሌቪዥኖች ግምታቸው የተሻለ ነው፣ ግን ካሜራው ያልላከውን ዝርዝር ማንም ከየትም አያመጣውም። በዚያ ላይ አንድ የሳተላይት ሞገድ ብዙ ጣቢያዎች ተጋርተውት ስለሚመጣ ምስሉ ይጨመቃል። ኳስ ስታዩ ካሜራው በፍጥነት ሲዞር ሣሩ ትናንሽ አራት ማዕዘን እየሆነ የሚቦጫጨቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ደስ የሚለው መፍትሔው ርካሽ መሆኑ ነው። ቤታችሁ ሂዱና ከሪሲቨሩ ጀርባ ያለውን ገመድ እዩ። ጫፉ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ከሆነ ሪሲቨሩ ኤችዲ ቢሆን እንኳ በዚያ ቢጫ ገመድ የሚያልፈው ኤስዲ ብቻ ነው። በኤችዲኤምአይ ገመድ ቀይሩት፣ ከዚያ የጣቢያውን ኤችዲ ሥርጭት ፈልጉ። 1080 መስመር በ55 ኢንች ላይ አንዱ 0.63 ሚሊሜትር ስለሆነ ጭጋጉ ይገፈፋል። አዲስ ቴሌቪዥን ገዝቶ በዚያ ባለ ሦስት ቀለም ገመድ መቀጠል ከሚያናድዱኝ ነገሮች አንዱ ነው።

ሱቁ ውስጥ ለምን እንዲህ አማረ ታዲያ? ሻጩ የሚያጫውተው ለማሳያ ተብሎ የተቀረጸ የ4ኬ ቪዲዮ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚዞር ፍራፍሬ፣ የውኃ ጠብታ፣ በቀቀን። ብርሃኑና ቀለሙ ጫፍ ድረስ ተጨምሯል። እናንተም የቆማችሁት አንድ ሜትር ላይ ነው። እንግዲህ አታፍሩ፦ «እስኪ የዲሽ ጣቢያ ክፈትልን» በሉ፤ ቤት የለካችሁትን ርቀት ያህል ወደ ኋላ ሂዱና እዩ። ዲሽ ከሌለው የምታውቁትን ቪዲዮ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ።

ስለ መጠኑ ቀላል ዘዴ አለ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጡጫችሁን ስትጨብጡ ወርዱ ወደ 10 ዲግሪ ይሸፍናል። ፊልም ለሚወድ ሰው የሚመከረው ስክሪኑ 30 ዲግሪ ገደማ እንዲሸፍን ስለሆነ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጣችሁ ሦስት ጡጫ ጎን ለጎን ግድግዳው ላይ ለኩ። 3 ሜትር ላይ ይህ ከ70 ኢንች በላይ ይጠይቃል፤ ዜናና ድራማ ለሚያይ ቤት ግን ሁለት ጡጫ ተኩል በቂ ነው፣ 60 ኢንች አካባቢ። ከመክፈላችሁ በፊት የስክሪኑን ልክ በጋዜጣ ቆርጣችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉት። 65 ኢንች ከ55ቱ በስፋት 40 በመቶ ይበልጣል፤ ቁጥሩ ሲነገር እንዲህ አይመስልም።

ስሞቹን ደግሞ እንፍታቸው። «ኤልኢዲ ቴሌቪዥን» የሚባለው ኤልሲዲ ነው፤ ከኋላ ኤልኢዲ መብራት አለ፣ ከፊት ያሉት ፈሳሽ ክሪስታሎች ብርሃኑን እንደ መጋረጃ ይከፍቱታል፣ ይዘጉታል። መብራቱ የሚነሳው ከሰማያዊ ኤልኢዲ ነው፤ የፈለሰፉት ሳይንቲስቶች በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመውበታል። ኪውሌድም እዚያው ቤተሰብ ነው፤ ቀለሙን የሚያጠሩ ኳንተም ዶት የሚባሉ ደቃቅ ቅንጣቶች ተጨምረውበታል። ኦሌድ ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ ያበራል፤ ጥቁር ሲፈለግ ጭራሽ ይጠፋል። በምሽት ፊልም የሚያምረው ለዚህ ነው። ሳሎናችሁ ከስክሪኑ ፊት ለፊት ሰፊ መስኮት ካለው ግን የመስኮቱ ነጸብራቅ ጥቁሩን ስለሚያነጣው፣ ለኦሌድ ከመክፈል ይልቅ ደማቅ ኤልሲዲና ወፍራም መጋረጃ ያዋጣል።

ሻጮች የማያነሱት አንድ ነገር አለ። ብዙ ቤት ሶፋው በሦስት ግድግዳ ዙሪያ ነው የሚደረደረው፤ እንግዳ ሲመጣ ግማሹ ሰው የሚያየው ከጎን ነው። አንዳንድ የኤልሲዲ ዓይነቶች ከጎን ሲታዩ ቀለማቸው ይገረጣል። ሱቅ ውስጥ ወደ ጥግ ሄዳችሁ እዩት፤ ፊት ለፊት አንደኛ የነበረው ከጎን ሦስተኛ ሊሆን ይችላል።

ስለ መብራት ፍጆታው አትጨነቁ። 100 ዋት የሚስብ ቴሌቪዥን በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 15 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ 3500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ይህን ያህል የሚጨርሰው ከአራት ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ነው። ከፍጆታው ይልቅ የሚያሰጋው መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው የቮልቴጅ መዋዠቅ ነው። ስለዚህ በጀቱን ስታወጡ የስታብላይዘሩን ዋጋ ከመጀመሪያው ያዙለት፤ መብራት ሲጠፋም ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ ከተመለሰ ጥቂት ደቂቃ በኋላ ሰኩት።