ቢሮ ቀይሬያለሁ፤ ቤት ለመግዛት ለምታስቡም ጥቂት ነገር ልበል



ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁኝ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልመልስ። አዎ፣ ከዚህ ወር ጀምሮ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ ሌላ የሪል እስቴት ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ከቀድሞው ቢሮ በሰላምና በምስጋና ተለያይተናል።

«ታዲያ የእኛ ጉዳይ ምን ይሆናል?» ላላችሁኝ፦ ሜሪላንድ ውስጥ ኤጀንት ብቻውን መሥራት አይችልም፤ ላይሰንሱ በአንድ ብሮከር ሥር መሆን አለበት። ከእኔ ጋር የፈረማችሁት ውልም የብሮከሩ እንጂ የእኔ የግል ንብረት አይደለም። ስለዚህ ውል ላይ ያላችሁ ሰዎች መብታችሁን ከቀድሞው ቢሮ ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ። ማንንም «ተከተሉኝ» አልልም።

የተዛወርኩት ለአንድ ነገር ብዬ ነው። አዲሱ ቢሮ አዳራሹን ለማኅበረሰባችን በነፃ ይሰጠናል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአማርኛ እንማማራለን። ወገኖቻችን ቤት ሳይገዙ የሚቀሩት ሁልጊዜ ገንዘብ አጥተው አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚያስቀራቸው የወረቀት ጉዳይ ነው።

ዕቁብን እንውሰድ። በነርሲንግ ሆም የምትሠራ አንዲት እህት ዕቁቧ ደርሷት ገንዘቡን ባንክ አስገባች። የቤት ብድር ስትጠይቅ ባንኩ «ይህ ገንዘብ ከየት መጣ?» ሲላት ደነገጠች፤ ሁሉም ነገር ያበቃ መሰላት። ነገር ግን የኤፍኤችኤ (የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር) ብድር መመሪያ አባላት ራሳቸው የሚያስተዳድሩትን የቁጠባ ማኅበር ገንዘብ ይቀበላል። የሚጠይቀው ማስረጃ ነው፦ ማኅበሩ መኖሩን፣ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየና ገንዘቡ በእርግጥ ለእሷ እንደተከፈላት። የዕቁቡ ጸሐፊ ስምና ፊርማ የሰፈረበትን ደብተር አውጥተው ሰጡ፤ ገጾቹ ተተረጎሙ፤ የከፈለችበት የባንክ ወረቀት ተያያዘ፤ ጉዳዩም አለፈ። እባካችሁ ዕቁባችሁን በደብተር ያዙ፤ ክፍያውንም በቼክ ወይም በባንክ አድርጉት።

ሁለተኛው ዳውን ፔይመንት ነው። 20 በመቶ ካልሞላሁ ብሎ ለዓመታት ኪራይ የሚከፍል ብዙ ሰው አለ። በኤፍኤችኤ ብድር ክሬዲቱ 580 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በ3.5 በመቶ መግዛት ይችላል። የ400,000 ዶላር ቤት ቢሆን 14,000 ዶላር ማለት ነው። የክሎዚንግ ወጪና በየወሩ የሚከፈለው የብድር ኢንሹራንስ ግን አለ፤ እሱንም አስቡ። የሜሪላንድ መንግሥትም በሜሪላንድ ሞርጌጅ ፕሮግራም በኩል ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዙ የዳውን ፔይመንት ድጋፍ ያደርጋል።

ኡበርና ታክሲ ለምትነዱ ወንድሞችና እህቶች፦ ባንክ በአብዛኛው የሁለት ዓመት ታክስ ያያል። የሚቆጥርላችሁም ጠቅላላ ገቢያችሁን ሳይሆን ወጪ ተቀንሶ የሚቀረውን ነው። ቤት ለመግዛት ካሰባችሁ ታክስ ከመሥራታችሁ በፊት ከአካውንታንታችሁ ጋር ተመካከሩ።

ከኦገስት 17 ቀን 2024 ወዲህ ደግሞ ኤጀንት ቤት ከማሳየቱ በፊት ገዢው የጽሑፍ ስምምነት መፈረም አለበት። የኤጀንቱ ክፍያ ስንት እንደሆነ እዚያ ላይ በግልጽ መቀመጥ አለበት። ክፍያውን የሚወስን ሕግ የለም፤ መደራደር መብታችሁ ነው። ውሉ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያስራችሁም ጠይቁ።

አንድ የምትጠይቁኝና የማላደርገው ነገር አለ፦ «ሀበሻ የሚበዛበት ሰፈር ፈልጊልን» ስትሉኝ። ፍላጎታችሁ ይገባኛል። ነገር ግን የ1968ቱ የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ ኤጀንት ሰውን በዘር፣ በሃይማኖት ወይም በትውልድ አገር ወደ አንድ ሰፈር እንዳይመራ ይከለክላል። ይህ ሕግ እኛንም «እዚያ አትሄዱም» ከመባል ይጠብቀናል። «ከቤተ ክርስቲያናችን» ወይም «ከመስጊዳችን በአሥር ደቂቃ ርቀት» ብላችሁ ቦታውን ከነገራችሁኝ ግን በደስታ እፈልጋለሁ።

የትምህርቱ ቀንና አድራሻ ከላይ ፒን በተደረገው መልእክት ላይ አለ። ለመማር ከእኔ ጋር ውል መፈረም አይጠበቅባችሁም፤ ሌላ ኤጀንት ያላችሁም ኑ። የዕቁብ ደብተራችሁን፣ የታክስ ወረቀታችሁንና ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ኑ። እስከዚያው አንድ አደራ አለኝ፦ ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ፤ ያቀረብኩላችሁ እኔ ብሆንም እንኳ።