ሙሉ ሲግናል፣ የማይሄድ ቪዲዮ

ጥር 23 ቀን እንጅባራ ነበርኩ፤ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ላይ። በጌጥ የተንቆጠቆጠ አንድ ፈረስ አቧራ እያስነሳ ሲጋልብ በስልኬ ቀረጽኩና አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ላክሁላት። የሲግናሉ መስመሮች ሙሉ ናቸው፤ ክቧ ግን ትሽከረከራለች። ሰረዝኩና እንደገና ላክሁ። አሁንም እምቢ አለ። ከጎኔ የቆሙ አባት የራሳቸውን ስልክ እያሳዩ፣ «ልጄ፣ ኔትወርኩማ ሞልቷል፤ ግን አያስደውልም» አሉኝ።

አመሻሽ ላይ ሕዝቡ ሲበተን ቪዲዮው በአንድ ጊዜ ሄደ። ስልኩ ያው፣ የቆምኩበት ቦታም ያው ነው። ታዲያ ምን ተለወጠ?

ይህንኑ የሚመስል ጥያቄ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1986 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተነሥቶ ነበር። በሎውረንስ በርክሌይ ላብራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል ያለው ርቀት አራት መቶ ያርድ ብቻ ነው። በሰከንድ 32,000 ቢት ያሳልፍ የነበረው መስመር ድንገት ወደ 40 ቢት ወረደ። የተቆረጠ ሽቦ አልነበረም። ቫን ጃኮብሰን የተባለው ተመራማሪ ከማይክል ካረልስ ጋር ሆኖ ምክንያቱን መፈለግ ጀመረ።

ያገኙት ነገር ያልተጠበቀ ነበር፤ ጥፋቱ ከመስመሩ ይልቅ ከላኪዎቹ ኮምፒውተሮች ነበር። ኮምፒውተር መረጃን በትናንሽ ፓኬቶች ከፋፍሎ ይልካል፤ ተቀባዩም «ደርሶኛል» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ሲዘገይ ላኪው ፓኬቱ የጠፋ መስሎት ደግሞ ይልካል። ፓኬቱ ግን አልጠፋም፤ ወረፋ ላይ ቆሞ ነበር። እያንዳንዱ ላኪ በቸኮለ ቁጥር መስመሩ በቅጂ እየተጨናነቀ፣ ወረፋውም እየረዘመ ሄደ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው።

መፍትሔውን ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1988 አሳተመው። ላኪ በጥቂቱ ይጀምር፤ መልስ ሲመጣለት ይጨምር፤ ፓኬት ሲጠፋበት መንገዱ መጨናነቁን ተረድቶ በብዙ ይቀንስ። አንድ ፓኬት ሳይወጣ ሌላ አይግባ። በጠባብ በር የሚያልፉ ፈረሶች ተራ ከጠበቁ ሁሉም ያልፋሉ፤ ከተጋፉ በሩ ይዘጋል። ኢንተርኔት እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ትዕግሥት ላይ ነው።

ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም። የመረጃ ማቆያ ሜሞሪ እየረከሰ ሲሄድ አምራቾች አንድም ፓኬት እንዳይጠፋ ብለው በራውተርና በሞደም ውስጥ ሰፋፊ ማቆያ አስቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ2010 ጂም ጌቲስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ቤቱ ሆኖ ትልቅ ፋይል ሲያስተላልፍ የቤቱ ኢንተርኔት ይንቀራፈፍ እንደነበር አስተዋለ። ሲለካው መልእክት ደርሶ እስኪመለስ ከ1 ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ለጥሩ የታሰበው ማቆያ ረጅም ወረፋ ሆኖ ነበር። ፓኬት ስላልጠፋ፣ ላኪዎቹ «ቀንሱ» የሚል ምልክት አያገኙም፤ ስለዚህ መላካቸውን ይቀጥላሉ። ተመሳሳይ ችግር በሞባይል ኔትወርክም ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ያው ጃኮብሰን አዲስ ዘዴ አቀረቡ፤ የወረፋውን ርዝመት መቁጠር ትቶ ፓኬቱ የቆየበትን ጊዜ የሚለካ።

አሁን ወደ እንጅባራው ሜዳ እንመለስ። በስልካችን ጫፍ የምናያቸው መስመሮች የሚነግሩን የኔትወርክ ማማው ሬዲዮ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ ብቻ ነው። ስንት ሰው ከፊታችን እንደተሰለፈ አይነግሩንም። የ4ጂ ማማ ጊዜውን በሺኛ ሰከንድ እየቆራረጠ ለስልኮች ያድላል። ራቅ ብሎ የቆመ ስልክ ለተመሳሳይ ቪዲዮ ብዙ ድርሻ ይወስዳል። በአንድ ሜዳ ሺዎች ባንድነት ሲልኩ፣ ድርሻው ይሳሳል። ስለዚህ የ4ጂ መሥፈርት አገልግሎቶችን በደረጃ ይለያል፤ ለድምፅ ጥሪ የሚፈቀደው መዘግየት 100 ሚሊ ሰከንድ ሲሆን፣ ለተራ ዳታ እስከ 300 ሊደርስ ይችላል። የአገልግሎት ጥራት ማለት ይኸው ነው፤ ጠባቡን በር ለማን፣ መቼ እንደሚከፍቱ አስቦ መወሰን።

አገራችን የአገልግሎት ጥራትን የሚቆጣጠር አካል አላት፤ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን። የእኔ ልመና ግልጽ ነው። ጥራት የሚለካው ሌሊት፣ ማማው ሥራ ሲፈታ አይሁን፤ ሜዳው በሰው ሲሞላ ይሁን። ከፍጥነቱ ጋር መዘግየቱም ይለካ። እኛም ቪዲዮ ሲዘገይብን ሰርዘን ከመጀመሪያው አንላክ፤ እንዲያ ስናደርግ ወረፋውን የምናረዝመው ራሳችን ነን። ድንገተኛ ግርግርን አስቀድሞ ማወቅ ይከብዳል። ጥር 23 ግን በየዓመቱ በቀኑ ይመጣል፤ በመኪና የሚጓጓዝ ተጨማሪ ማማ ለማዘጋጀት ዓመት ሙሉ ጊዜ አለ።