ብድርና የወጪ ንግድ፦ ኢትዮጵያ ከምሥራቅ እስያ ዕድገት የወሰደችውና የተወችው

በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በብስራተ ገብርኤል አካባቢ የቆሙት ባለብዙ ፎቅ ሕንፃዎች ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ለታየው ዕድገት ጥሩ ማሳያ ናቸው። አሳንሰሩና አብዛኛው የማጠናቀቂያ ዕቃ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ይገባል፤ ኪራዩ ግን በብር ይሰበሰባል። ሕንፃው አገራዊ ምርቱን ያሳድጋል፤ ዶላር ግን አያስገኝም። የኢትዮጵያ ሙከራ ከምሥራቅ እስያ ተሞክሮ የሚለየው በዋናነት በዚህ ነጥብ ነው።

ለደቡብ ኮርያና ለታይዋን ዕድገት ከፍተኛ ቁጠባ፣ የመሬት ሥሪት ለውጥና የትምህርት መስፋፋት በምክንያትነት ይጠቀሳሉ። እነዚህ ብቻ ግን በቂ ማብራሪያ አይሆኑም። ሮበርት ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳመለከቱት፣ በ1960 ፊሊፒንስና ደቡብ ኮርያ በነፍስ ወከፍ ገቢም ሆነ በትምህርት ተቀራራቢ ነበሩ። መንገዳቸው የተለያየው ከዚያ በኋላ ነው።

በኮርያ ርካሽ ብድር የሚሰጠው በውጤት ነበር። ፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የወጪ ንግድን አፈጻጸም በየወሩ ስብሰባ ይገመግሙ ነበር፤ ለውጭ ገበያ ያልሸጠ ድርጅት ድጋፉ ይቀርበታል። የውጭ ገዢ ደግሞ በዝምድና ወይም በፖለቲካ ቅርበት የማይታለል መርማሪ ነው። በ1962 ከ60 ሚሊዮን ዶላር በታች የነበረው የኮርያ የወጪ ንግድ በ1977 10 ቢሊዮን ደረሰ።

ኢትዮጵያ የ«ልማታዊ መንግሥት»ን አስተሳሰብ ስትቀበል የኢንቨስትመንቱን ክፍል በሚገባ ወሰደች። የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ2007 ዓ.ም. የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ለዓለም ገበያ ቀረበ። የሸቀጦች የወጪ ንግድ ግን ለዓመታት በ3 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ቆመ። ለላኪዎች ማበረታቻ አልጠፋም፤ የላላው ግብ ያልመታውን ከድጋፍ የማስወጣት ሥርዓት ነው። የብር ምንዛሪ ከፍ ተደርጎ መያዙም ወደ ውጭ ከመላክ ይልቅ አስመጥቶ በአገር ውስጥ መሸጥን አዋጭ አደረገው። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. አገሪቱ የቦንዱን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች።

እርግጥ ነው፣ ጦርነቱና በ2014 ዓ.ም. ከአጎዋ መታገዱ ፓርኮቹን ክፉኛ ጎድተዋል። መቀዛቀዙ ግን ከሁለቱም ይቀድማል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ወደ ውጭ መላክን ይበልጥ አዋጭ ያደርገዋል፤ ብድር ወስዶ ያልላከ ድርጅት ምን እንደሚደረግ ግን የምንዛሪ ተመን አይወስንም።