ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት

አዲስ አበባ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ካሜራና ሴንሰር ትዝ የሚለው ብዙውን ጊዜ ቀለሙ ከተቀባ በኋላ ነው። ያኔ ሽቦ ለማሳለፍ የተለሰነ ብሎኬት መፈልፈል ግድ ይላል። ከልስን በፊት ወደ በሩ፣ ወደ አጥሩ ማዕዘንና ወደ ጣሪያው ባዶ ቱቦ መቅበር ግን ርካሽ ነው፤ መሣሪያው ገንዘብ ሲገኝ ይገባል። የኤሌክትሪክ ቁጠባውም ቢሆን ከሳሎን አምፖል ሳይሆን ከቦይለሩ ይጀመር። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ማሞቅ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በዚያው ኃይል ባለ 9 ዋት የኤልኢዲ አምፖል ከ250 ሰዓት በላይ ይበራል። የቤት ታሪፋችን ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ይወደዳል። ስለዚህ የቦይለሩን ጭነት የሚችል ተራ ታይመር፣ በስልክ ከሚታዘዝ ባለቀለም መብራት (እንግዳ ከማስደነቅ በቀር) ይበልጥ ይጠቅማል።

«መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል። ምስሉን እዚያው ቤት ባለ መቅረጫ የሚያስቀምጥና በባትሪ የሚደገፍ ካሜራ፣ ኔትወርክ ቢጠፋም መቅረጹን አያቆምም፤ የሚቀረው ከሩቅ በስልክ ማየት ብቻ ነው። ያለ ስልክ የማይከፈት የበር ቁልፍ ግን አልመክርም። ዘበኛ ያለው ቤትም ቢሆን፣ እንቅስቃሴ ሲያይ የሚበራ መብራት ከአጥሩ ጀርባ ቢተከል የሰውየውን ሥራ ያቀልለታል።