ደፍ ያገደው ሰው

ከመተማ እስከ ገላባት፣ ከገላባትም እስከ ገዳሪፍ ያለው ሜዳ በአብዛኛው ጥቁር ዋልካ አፈር ነው። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ቤት የሚሠራ ሰው ጎርፍ እንዳይገባበት ወለሉን ከፍ ያደርጋል፤ በበሩም ደፍ ያበጃል። አሠራሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ጎርፍን የሚመልሰው ደፍ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደውን ሰውም ይመልሳል። ያ ሰው ክረምቱን ሙሉ ከቤት ሳይወጣ ቢከርም፣ ያገደው እግሩ ብቻ ነው ማለት አንችልም።

መፍትሔው ወለሉን ዝቅ ማድረግ ሳይሆን ተዳፋት መወጣጫ መሥራት ነው። በብዙ አገሮች የሚሠራበት ልክ ለ1 ከፍታ 12 ርዝመት ነው። እንግዲህ ወለሉ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ መወጣጫው 2 ሜትር ከ40 ይሆናል። ዋልካ ሲረጥብ ስለሚያዳልጥና ጎማ ስለሚይዝ፣ መወጣጫው በድንጋይና በሲሚንቶ ቢለበጥ፣ ጠርዙም ከፍ ቢል ይመረጣል። የበሩ ክፍት ስፋት ከ80 ሳንቲ ሜትር ባያንስ፣ ወንበሩ የሚዞርበት ቦታም 1 ሜትር ከ50 ቢሆን መልካም ነው። በመጸዳጃ ቤት መቀመጫና የእጅ መያዣ ያስፈልጋል። ለዓይነ ስውር ደግሞ ከቤት እስከ መጸዳጃው የተዘረጋ ገመድ ይመራዋል።

በዚህ ድንበር ሕዝብ በችግር ጊዜ ወዲያና ወዲህ ተሻግሯል፤ በ2013 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ወደ ኡም ራኩባ፣ በ2015 ዓ.ም. ከሱዳን ወደ መተማ። መጠለያ በችኮላ ሲሠራ መወጣጫው ይረሳል፤ በኋላ አፍርሶ ከመሥራት ግን አስቀድሞ ማሰብ ይቀላል።

ሕጉስ ምን ይላል? ኢትዮጵያም ሱዳንም ያጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ9ኛው አንቀጽ መኖሪያ ቤትን ከትምህርት ቤትና ከሕክምና ቦታ ጋር ይጠቅሳል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል። የግለሰብን ጎጆ ደፍ ግን ቤተሰብና ጎረቤት ካላስተካከሉት ማን ያስተካክለዋል?

መምህራን ሆይ፣ የተዳፋትን ትምህርት ከዚህ ብንጀምርስ? ተማሪዎች ሜትር ይዘው የክፍላቸውንና የቤታቸውን ደፍ ይለኩ፤ በ12 ያባዙ። ከመሥራታቸው በፊት ግን በዚያ በር የሚገባውን ሰው ይጠይቁት፤ የሚያግደውን ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው እርሱ ነው።