የድምፅ ካርድ መግዛት ያሻልን?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳሪስ አቦ ከሚኖር አንድ ተማሪ ዘንድ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ወጣቱ ገንዘብ ማጠራቀም ከጀመረ ወራት አልፈውታል። ምክንያቱን ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ለኮምፒዩተሬ የድምፅ ካርድ ልገዛበት ነው» አለኝ። አሳቡ ሟች አያቱ በገና እየደረደሩ የዘመሩበትን ካሴት ወደ ኮምፒዩተር ለመገልበጥ ነው። ካሴቱ ሌላ ግልባጭ የለውም።

አስቀድሞ በላፕቶፑ ሞክሮት ኖሯል። ነገር ግን ድምፁ እየተሰነጣጠቀ፣ ከበስተ ሥሩም አንድ የማያቋርጥ እምምታ እየተሰማ አስቸገረው። በመጀመሪያ በደብረ ዘይት መንገድ የሚያልፉትን ከባድ መኪናዎች ጠረጠረ፤ ድምፁ የሚሄደው በሽቦ ስለ ሆነ ግን የመንገድ ጩኸት በዚያ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ የተሠራው የድምፅ ክፍል ዋጋ የለውም ብሎ ፈረደ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ፍርድ ቀድሞ ቢሆን ትክክል ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1989 የሲንጋፖሩ ክሪኤቲቭ ኩባንያ ሳውንድ ብላስተር የተባለውን ካርድ ባወጣ ጊዜ፣ ተራው የቢሮ ኮምፒዩተር ከጢጥታ በቀር ሌላ ድምፅ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ኋላ ግን ኢንቴል በ1997፣ ደግሞም በ2004 ባወጣቸው ደንቦች መሠረት የካርዱ ሥራ በዋናው ሰሌዳ ላይ ወደ ተተከለች አንዲት ትንሽ ቺፕ ገባ። የ2004ቱ ደንብ ድምፅን በሰኮንድ እስከ 192,000 ጊዜ ለመለካት ይፈቅዳል፤ የሙዚቃ ሲዲ የሚበቃው 44,100 ነው። የሰው ጆሮም በሰኮንድ ከ20,000 ንዝረት በላይ አይሰማም። እንግዲህ ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ አብሮ የተሠራው ለብዙዎቻችን ይበቃል። እኔም አንድ ጊዜ በሻጭ ምላስ ተታልዬ ካርድ ገዝቼ ነበር፤ ለውጡን ዛሬም እየፈለግሁት ነው።

ታዲያ የወጣቱ ችግር ከየት መጣ? የላፕቶፑ ቀዳዳ የተሠራው ማይክሮፎን ላለው ማዳመጫ ነው። የሚጠብቀውም ደካማ የማይክሮፎን ድምፅ ነው፤ የቴፑ ጉልበት ሲመጣበት ይሰነጣጠቃል። ከዚህም በላይ ግራና ቀኙን ለይቶ አይቀበልም። በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ከበስተ ኋላ ለዚሁ ተግባር የተሠራ ሰማያዊ ቀዳዳ ይገኛል።

እምምታው ደግሞ የመብራቱ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ቴፑና ላፕቶፑ ሁለቱም ከግድግዳው ሲሰኩ ያ መመላለስ በሽቦው አልፎ ይገባል። በኋላ በኮምፒዩተር ላጥራው ቢሉ በበገና ላይ አደጋ አለው። የበገና ድምፅ ራሱ ወፍራም ነው፤ ከአውታሩ ሥር የሚገቡት የቆዳ ቁራጮች፣ እንዝራዎቹ፣ ያንን ነዛሪ ድምፅ ይሰጡታል። እምምታውን አጠፋለሁ ያለ ሰው የበገናውንም ሥር ይቆርጣል።

ቻርጀሩን ነቅለን በባትሪ ብቻ ሞከርነው። እምምታው ጠፋ ለማለት ይቻላል። የቴፑንም ድምፅ ዝቅ ብናደርገው ስንጥቅጥቁ ተወ። ካሴቱ በቤት ውስጥ በአንድ ማይክሮፎን የተቀዳ ስለ ሆነ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ነው፤ በመዋሐዱ የጠፋ ነገር የለም። ይህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አላስወጣንም።

ገንዘቡንስ? ላፕቶፕ የውስጥ ካርድ የሚሰካበት ቦታ ስለሌለው፣ ይግዛ ቢባል እንኳ የሚገዛው በዩኤስቢ የሚሰካውን የውጭ መሣሪያ ነው። 48 ቮልት በሚፈልግ የስቱዲዮ ማይክሮፎን በገና ደርዳሪ ሊቀዳ ቢነሣ ያለዚያ መሣሪያ አይሆንለትም፤ ያን ጊዜ ይግዛ እላለሁ። ለካሴት ግን አይደለም። በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ተራ ካሴት የሚይዘው ከ60 ዴሲቤል እምብዛም አያልፍም፤ ባለ 16 ቢት ቅጂ 96 ይይዛል። ደካማው ወገን ቴፑ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የቴፑን ራስ በአልኮል ይጥረግ፣ የላላውንም ጎማ ያስለውጥ አልሁት።

ወጣቱ ጥቂት ቅር አለው፤ ካርዱን በአሳቡ ገዝቶት ነበርና። ሆኖም ቴፑን ለጠጋኝ ሊያሳይ ተስማማ፤ የካሴቱ ሁለተኛ ገጽ ለመጪው ቅዳሜ ተቀጥሯል።