በአንድ ደቂቃ ውስጥ የተደበቁት ሰከንዶች፦ የአውቶክሮስ ሰዓት በምን ይሻሻላል?

አንድ ሰፊ፣ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ አስቡ። አስፋልቱ ላይ ብርቱካናማ ኮኖች ተደርድረው ጠመዝማዛ መንገድ ሠርተዋል። መኪኖች አንድ በአንድ ይገባሉ። ጎን ለጎን መሽቀዳደም የለም፤ ተፎካካሪያችሁ ሰዓቱ ነው። አንድ ኮን ከጣላችሁ ሰዓታችሁ ላይ 2 ሰከንድ ይደመራል፤ መንገዱን ስታችሁ ከወጣችሁ ደግሞ ዙሩ አይቆጠርም። ይህ ስፖርት አውቶክሮስ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ ከሚያዘጋጁት ድርጅቶች ትልቁ እ.ኤ.አ. በ1944 የተመሠረተው የአሜሪካ ስፖርት መኪና ክለብ (ኤስሲሲኤ) ነው። ብሔራዊ ሻምፒዮናው በ1973 የተጀመረ ሲሆን ከ2009 ወዲህ መቀመጫው ሊንከን፣ ነብራስካ ሆኗል። (እንግሊዞች አውቶክሮስ ሲሉ ሣርና አፈር ላይ የሚደረገውን ውድድር ነው። እኛ የምናወራው ስለ አሜሪካው ነው።)

የስፖርቱ ውበት ማንም ሰው ሥራ የሚሄድበትን መኪና ይዞ መምጣት መቻሉ ነው። ሄልሜት ታደርጋላችሁ፣ መኪናው ይፈተሻል፣ በቃ ትነዳላችሁ። ግን አንድ ጉድ አለ። አንድ ዙር ብዙ ጊዜ አንድ ደቂቃ አካባቢ ነው፤ በቀን የሚደርሳችሁም ከአምስት ዙር ብዙም አይበልጥም። ማለትም ከጠዋት እስከ ማታ ውላችሁ የምትነዱት 5 ደቂቃ ነው! የቀረው ጊዜ ተራ መጠበቅና ሌሎች የጣሏቸውን ኮኖች ማንሳት ነው።

ታዲያ በዚህች 5 ደቂቃ እንዴት ይሻሻላል? ብዙ ጀማሪ መልሱን መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ይፈልገዋል፦ አዲስ ማርሚታ፣ ተጨማሪ የፈረስ ጉልበት፣ ጠንካራ ሞላ። ስሌቱ ግን ሌላ ቦታ ነው የሚጠቁመው። እስቲ አብረን እናስላው።

ሰከንዱ ያለው ቀስ በምንልበት ቦታ ነው

አሥር ሜትር መንገድ እንውሰድ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ይህን ርቀት ለመጨረስ 1.20 ሰከንድ ይፈጅባችኋል። ፍጥነቱን በ3 ኪሎ ሜትር ጨምራችሁ 33 ብታደርሱት 1.09 ሰከንድ ይሆናል። 0.11 ሰከንድ አተረፋችሁ ማለት ነው።

አሁን ያንኑ አሥር ሜትር ቀጥ ያለው መንገድ ላይ በ90 ኪሎ ሜትር እንሂድበት። 0.400 ሰከንድ ይፈጃል። እዚህም 3 ኪሎ ሜትር ጨምረን 93 ብናደርሰው 0.387 ይሆናል። ትርፉ 0.013 ሰከንድ ብቻ ነው። የተጨመረው ፍጥነት አንድ ዓይነት ነው፤ ትርፉ ግን ከስምንት እጥፍ በላይ ይለያያል።

የሞተር ጉልበት የሚረዳችሁ በዋናነት ቀጥታው ላይ፣ ማለትም ሰከንዱ በረከሰበት ቦታ ነው። ውዱ ሰከንድ ያለው መኪናው በጣም ቀስ በሚልበት ኩርባ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከውድድሩ በፊት መንገዱን በእግር ስትዞሩ (ይህ ይፈቀዳል፣ እንዲያውም ሁለት ሦስት ጊዜ መዞር ያዋጣል) መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ "የት ነው በፍጥነት የምሄደው?" ብላችሁ ሳይሆን "ከሁሉም ቦታ ቀስ የምለው የት ነው?" ብላችሁ ነው።

ጎማ ያለው አንድ ኪስ ብቻ ነው

መኪና ምንም ያህል ውድ ቢሆን መሬት የሚነካው በአራት ጎማዎች ነው፤ እያንዳንዱ ጎማ አስፋልቱን የሚነካበት ቦታ ደግሞ የእጅ መዳፍ ያህል ነው። ፍሬን ስትይዙ፣ መሪ ስታዞሩ፣ ነዳጅ ስትሰጡ የምትጠቀሙት በዚያች መዳፍ ላይ ያለውን ሰበቃ (ፍትጊያ) ነው። ለሦስቱም ሥራ የተለያየ በጀት የለም፤ ኪሱ አንድ ነው።

አከፋፈሉ ግን ተራ መደመርና መቀነስ አይደለም። የፍሬኑ ኃይል ወደ ኋላ ይጎትታል፣ የመሪው ኃይል ወደ ጎን፤ ሁለቱ ማዕዘናዊ ናቸው። ስለዚህ የሚደመሩት በፓይታጎረስ ሕግ ነው። ጎማው ካለው አቅም 60 ከመቶውን ለፍሬን ብታውሉት ለመዞር የሚቀረው 40 ከመቶ ይመስላችኋል። አይደለም፤ 80 ከመቶ ነው! ምክንያቱም የ0.6 ካሬና የ0.8 ካሬ ሲደመሩ 1 ይሆናሉ። መሐንዲሶች ይህንን የሰበቃ ክብ ይሉታል።

ይህ ለአሽከርካሪው ምን ማለት መሰላችሁ? የብዙ ጀማሪ ልማድ እንዲህ ነው፦ ቀጥታው ላይ ፍሬን ይይዛል፣ ሙሉ በሙሉ ይለቃል፣ ትንሽ ዝም ብሎ ይሄዳል፣ ከዚያ መሪ ያዞራል፣ ኩርባው ካለቀ በኋላ ነዳጅ ይሰጣል። ያቺ "ዝም ብሎ የሚሄድባት" ጊዜ ጎማው ሥራ የፈታባት ጊዜ ናት። በየኩርባው ጥቂት አሥረኛ ሰከንድ እየተንጠባጠበ፣ አሥር ኩርባ ካለ ዙሩ መጨረሻ ላይ ትልቅ ቁጥር ይሆናል። መፍትሔው ፍሬኑን በአንዴ ከመልቀቅ ይልቅ መሪው እየዞረ ሲሄድ ቀስ በቀስ ማላላት ነው። አንዱ ወጪ ሲቀንስ ሌላው ይጨምራል፤ ኪሱ ግን ባዶም አይሆን፣ ዕዳም አይገባ።

ዕዳ ሲገባስ? ፍሬኑን እስከ መጨረሻ ረግጣችሁ መሪ ብታዞሩ የፊት ጎማዎች ለመዞር የሚከፍሉት አያገኙም፤ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በደመ ነፍስ መሪውን የበለጠ ማዞር ይመጣል፤ ይህ ግን አይረዳም፣ ምክንያቱም ጎማው ከአቅሙ በላይ ተጠይቋል። የሚረዳው ተቃራኒው ነው፦ ፍሬኑን ወይም መሪውን ትንሽ ማላላት። ይህን ክፍት ሜዳ ላይ፣ ከኮን በቀር የሚመታ ነገር በሌለበት ተለማምዳችሁት ከሆነ፣ ዝናብ ባራሰው መንገድ ላይ ከሥራ ስትመለሱ እግራችሁና እጃችሁ ያስታውሱታል። ለእኔ የዚህ ስፖርት ትልቁ ዋጋ ይሄ ነው።

የ30 ሳንቲ ሜትር ዋጋ

በቀጥታ መስመር በተደረደሩ ኮኖች መሃል ግራና ቀኝ እየተጠማዘዙ ማለፍ ስላለም ይባላል። በኮኖቹ መሃል ያለው ርቀት 20 ሜትር ነው እንበል፤ መኪናው 1.8 ሜትር ስፋት አለው፤ ጎማው ደግሞ ደህና አስፋልት ላይ ከመሬት ስበት 0.9 እጥፍ የሚሆን የጎን ኃይል ይሰጣል። የመኪናው ጎን ከኮኖቹ መስመር 60 ሳንቲ ሜትር ርቆ ካለፈ፣ ጎማው የሚፈቅደው ፍጥነት በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ብትጠጉ ወደ 62 ይወጣል።

በአምስት ኮኖች መሃል ያለውን 80 ሜትር በመጀመሪያው ፍጥነት ለመጨረስ 5.2 ሰከንድ ይፈጃል፤ በሁለተኛው 4.6። ከግማሽ ሰከንድ በላይ ማለት ነው! አንድ ሳንቲም አልወጣም፤ ከአንድ ክንድ ያነሰ መጠጋት ብቻ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ስትጠጉ ጥምዝምዙ ይለዝባል፣ ኩርባው ሲለዝብ ደግሞ ጎማው የበለጠ ፍጥነት ይችላል።

"ኮን ብነካስ?" ትሉ ይሆናል። በኤስሲሲኤ ደንብ ኮን የሚያስቀጣው ሲወድቅ ወይም ዙሪያውን ከተሠመረለት ሳጥን ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ነው። ታክኮ ማለፍ አያስቀጣም። እርግጥ 2 ሰከንድ ከባድ ቅጣት ነው። ግን ቀኑን ሙሉ አንድም ኮን ያልነካ ጀማሪ፣ ብዙውን ጊዜ፣ ከሚገባው በላይ ርቆ የሚነዳ ነው።

ሰፊ ወይስ ጠባብ?

ፎርሙላ ዋን የሚያይ ሰው "ከውጭ ገብተህ፣ ውስጡን ነክተህ፣ ወደ ውጭ ውጣ" የሚለውን ያውቃል። ለ90 ዲግሪ ኩርባ ይህ ትክክል ነው፤ ሰፋ ያለው መስመር ፍጥነትም ይሰጣል፣ መንገዱንም ያሳጥራል። አንድን ኮን ዞሮ በመጣበት አቅጣጫ መመለስ ሲሆን ግን (180 ዲግሪ) ነገሩ ይገለበጣል።

በ10 ሜትር ራዲየስ ብትዞሩ የሚቻለው ፍጥነት በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሽ ክቡ 3.35 ሰከንድ ይፈጃል። በ14 ሜትር ብትዞሩ ፍጥነቱ 40 ይደርሳል፤ ግን መንገዱ ስለረዘመ 3.96 ሰከንድ ይወስዳል። ፍጥነት የሚያድገው በራዲየሱ ስኩዌር ሩት ነው፤ ርቀቱ ግን በራዲየሱ ልክ ያድጋል። ስለዚህ ሰፊው መስመር 0.6 ሰከንድ ያስከፍላል። ከኩርባው በኋላ ረጅም ቀጥታ ካለ ይህን ዕዳ ልትመልሱት ትችሉ ይሆናል። የአውቶክሮስ ቀጥታ ግን አጭር ነው፤ 40 ሜትር ላይ አንድ መካከለኛ መኪና የሚያስመልሰው 0.2 ሰከንድ ገደማ ነው። ስለዚህ እንዲህ ባለ መዞሪያ ቀስ ብላችሁ ግቡ፣ ኮኑን ተጠግታችሁ ዙሩ።

ዓይን የት ይሁን?

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 16.7 ሜትር ይጓዛል። የምትጠጉትን ኮን እያያችሁ ከሆነ፣ አይታችሁ፣ ወስናችሁ፣ እጃችሁ እስኪንቀሳቀስ ኮኑ አልፏል። ዓይን ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ኮን ወደፊት መሆን አለበት። መንገዱን በእግር ስትዞሩም ቁልፍ ቦታዎች ላይ ጎንበስ ብላችሁ በወንበር ከፍታ እዩት፤ ቆማችሁ ግልጽ የነበረው መንገድ ተቀምጣችሁ ስታዩት የኮን ጫካ ይሆናል።

ተሻሻልኩ ወይስ መሰለኝ?

ከሁለተኛው ዙር በኋላ የጎማ ንፋስ ቀነሳችሁ፤ ሦስተኛው ዙር በ0.7 ሰከንድ ተሻሻለ። ምስጋናው ለንፋሱ ነው? አይታወቅም። መንገዱን ለመድታችሁታል፣ ጎማውም ሞቋል። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ምንም ባትነኩም ሰዓት መሻሻሉ አይቀርም። ብዙ ዕቃ የሚሸጠው በዚህች ስህተት ላይ ነው።

ላቦራቶሪ ውስጥ የምንጠቀምበት ዘዴ እዚህም ይሠራል፦ ነባሩ፣ አዲሱ፣ እንደገና ነባሩ። ሦስተኛውን ዙር በነባሩ ንፋስ ንዱ፤ አራተኛውን ለውጣችሁ፤ አምስተኛውን ወደ ነባሩ መልሳችሁ። አምስተኛው ከአራተኛው ከባሰ ለውጡ እውነትም ረድቶ ይሆናል። አምስተኛው የባሰውን ተሻሽሎ ከመጣ ግን የተሻሻለው ሹፌሩ ነው። በተጨማሪ ከጎማው የመሬት ጠርዝ ወደ ጎኑ ጠመኔ ቀቡ። ከዙሩ በኋላ ጠመኔው ወደ ጎን ብዙ ከተፋቀ ንፋሱ አንሷል፣ ጎማው እየተጣጠፈ ነው ማለት ነው፤ ጠርዙ ጋ እንኳ ካልደረሰ ደግሞ በዝቷል።

ሌላም ነገር አለ። ምንም ሳትለውጡ የነዳችኋቸው ሦስት ዙሮች 58.1፣ 57.4 እና 57.9 ከሆኑ የራሳችሁ መዋዠቅ 0.7 ሰከንድ ነው። በዚህ መሃል 0.2 ሰከንድ የሚያተርፍ ዕቃ ብትገዙ መርዳቱን የምታዩበት መንገድ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ሰዓታችሁን አቀራርቡ፣ ከዚያ ስለ ዕቃ አስቡ።

ገንዘብ የሚገባው አንድ ዕቃ ቢኖር ጎማ ነው። አሥር ከመቶ የበለጠ የሚይዝ ጎማ የኩርባ ፍጥነትን በ5 ከመቶ ገደማ ያሳድጋል፤ ደቂቃ ለሚፈጅ ዙር ይህ ትልቅ ነገር ነው። (በኤስሲሲኤ የመደበኛ መኪኖች ምድብ፣ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የመበላት ደረጃ ከ200 ማነስ የለበትም።) ቢሆንም የመጀመሪያውን ዓመት ባላችሁ ጎማ ንዱ። ተራ ጎማ አቅሙ ሲያልቅ አስቀድሞ ይጮኻል፤ ይህን ጩኸት መስማት መማር ደግሞ ከየትኛውም ሱቅ አይገዛም።

ለሚቀጥለው ውድድር አንድ ዕቅድ ልስጣችሁ። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ነገር ብቻ አሻሽሉ። የመጀመሪያው ዙር፦ ዓይን ወደፊት። ሁለተኛው፦ ስላለሙ ላይ መጠጋት። ሦስተኛው፦ ፍሬንን ቀስ ብሎ መልቀቅ። አራተኛው፦ ከሁሉም ቀስ የምትሉበትን ቦታ በ3 ኪሎ ሜትር ማፍጠን። አምስተኛው ላይ ሁሉንም ተዉትና ንዱ። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ፣ ሰዓታችሁን ከማየታችሁ በፊት፣ ያሰባችሁትን አድርጋችሁ እንደሆነ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሰዓቱ የሚነግራችሁ ምን ያህል እንደፈጀባችሁ ብቻ ነው፤ ለምን እንደሆነ የሚነግራችሁ ያ ወረቀት ነው።